አዞ ያለበት ቀሚስ

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ሰኞ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአንድ ልጄ፣ ለምወድህም ለተቆጣሁህም ለሳምሶን

ሳሚዬ፣ እንዴት ነህ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ውሃ ጠጣ። የመብራት ምሰሶ ላይ ስትወጣ ቀበቶህን እሰር፤ ጓደኞችህ አይታሰርም ቢሉህም እሰር። አባትህ ደህና ነው፣ ጉልበቱን ብቻ ትንሽ ይነካዋል። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ደህና ብሆን ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ይጻፋል ወይ እንደምትል አውቃለሁ። በስልክማ ሞከርን እኮ! አንዴ እኔ ዘጋሁብህ፣ አንዴ አንተ ዘጋህብኝ፣ አንዴ ደግሞ ኔትወርኩ ራሱ ሰልችቶት ዘጋብን። ጎረቤታችን ሕዝቅኤል ነገ ወደ አንተ አገር ይጓዛል፤ እጅ በእጅ አድርስልኝ ብዬዋለሁ። ወረቀት ላይ አቋርጠህ «እማዬ ተረጋጊ» ልትለኝ አትችልም።

ጥያቄህን አልረሳሁትም። ሦስት ሳምንት ሞላው። «ሩሐማን ላገባ ነው፣ መርቂን፤ ከአሁን በኋላ እሷም እማዬ ትበልሽ» አልከኝ። እኔም «አስብበታለሁ» አልኩህ። ውሸቴን ነው፤ ምንም አላሰብኩም። ቀንቼ ነው። ይኸው ጻፍኩት። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የእህቶች ኅብረት ጸሐፊ ሆኜ፣ ልጄ በምትሆን ልጅ ላይ ዓይኔ እስኪቀላ ቀንቻለሁ።

ነገሩን ከጥቅምት ልጀምርልህ። ያኔ ማን እንደሆነች መች ነገርከኝ? «የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት፣ የነቀምት ልጅ። እዚያው አርባ ምንጭ አርክቴክቸር ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናትን ሥዕል ማስተማር ትፈልጋለች፤ ክፍልሽን አስፈቅጂላት» ነው ያልከኝ። እኔ ሞኟ ርዕሰ መምህሩን ለምኜ አስፈቀድኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩበትን ክፍል ቁልፍ በገዛ እጄ ሰጠኋት። ደግነቱ አንድ ትርፍ ቁልፍ ለራሴ አስቀርቼ ነበር። ደግነቱ ልበል ወይስ ጣጣው፣ እሱን ቆይተህ ትፈርዳለህ።

እኔ ሥዕል እንዴት እንደማስተምር ታውቃለህ። መጀመሪያ ህዳግ ይሰመራል። ቀጥሎ ወረቀቱ መሃል ለመሃል ይከፈላል። ከዚያ ማሰሮ። የማሰሮው ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ ላጲስ ይወጣል፣ እንደገና። እንደዚህ ነው ሰው ያፈራሁት።

ሩሐማ ማስመሪያ የሚባል ነገር ወደዚያ ክፍል አላስገባችም። በመጀመሪያው ቅዳሜ በመስኮት አየሁ፤ አዎ፣ በመስኮት ነው ያየሁት፣ ምን ታደርገኛለህ? ልጆቹ ወለል ላይ በሆዳቸው ተኝተው በስትሮ እፍ እያሉ ቀለሙን ወረቀት ላይ ያስሮጡታል። በሁለተኛው ቅዳሜ የሙዝ ግንድ በአግድም ተቆርጦ፣ ቀለም ተነክሮ፣ እንደ ማኅተም ይመታል፤ ወረቀቱ ሁሉ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። በሦስተኛው አሮጌ የብስክሌት ቸርኬ አምጥታ የእንሰት ቃጫና ከሸማኔ የለመነችውን ቁርጥራጭ ክር አጠላለፉበት። በአራተኛው ቀይ አፈር በሙጫ ለውሰው ጆንያ ላይ በጣታቸው ለቀለቁ።

«ይኼ ምን የሚሉት ሥዕል ነው?» አልኳት።

«ሙከራ ነው ቲቸር። ዕቃው ራሱ ምን እንደሚያደርግ ይዩት ብዬ ነው።»

ዕቃው ምን እንደሚያደርግማ እኔ ልንገራት! ዕቃው ልብስ ያበላሻል።

ደሜን ያፈላው ግን ልጆቹ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ሁሉም «ቲቸር ሩሐማ እንዲህ አለች፣ ቲቸር ሩሐማ እንዲህ አደረገች።» ፌቨንን ታውቃታለህ፣ ከእኛ በላይ ካለው ግቢ ያለችው። ከእጄ ካለፉት ልጆች ሁሉ እንደ እሷ ማሰሮ የሳለ የለም። ከማተሚያ ቤት የወጣ ነበር የሚመስለው። ያቺ ልጅ ከገና በኋላ አዞ ስላ አመጣችልኝ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው አዞ!

«ፌቪ፣ አዞ ስንት እግር አለው?»

«አራት።»

«ታዲያ ይኼ ስምንቱ ምንድን ነው?»

«እየሮጠ ነዋ ቲቸር።»

ላጲሴን ይዤ ቀረሁ።

አባትህስ! የኩልፎ ወንዝ ዳሩን የሙዝ ማሳ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀው አባትህ፣ ዘለላው የተቆረጠለትን ግንድ እየመረጠ በአህያ ጋሪ ያመጣላታል። እኔ ከእሱ ጋር ሠላሳ ዓመት ስኖር አንድ አበባ ይዞልኝ ገብቶ አያውቅም። ለእሷ ግንድ በጋሪ! «ልጅቷ ጎበዝ ናት ባዩሽ» ይለኛል ደግሞ፣ እራት እያቀረብኩለት።

አንተም አለህበት። እኔ ስደውል «እማዬ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቆይቼ ልደውል» ነው መልስህ። ቅዳሜ አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ግን የእሷ ስልክ ይጮሃል፤ ድምፅህን ከፍ አድርጋ ለልጆቹ ታሰማለች። እኔ ውጭ ቆሜ በመስኮት ሳቅህን እሰማለሁ። እንደዚያ ከሆድህ ስትስቅ እኔ ጋ መቼ ነው የሳቅከው? አስቤ አስቤ አንድ ቀን እንኳ አጣሁ። ለማግባት የጠየቅከኝ ጊዜ ያቃጠለኝ ይኼ ነው። ክፍሌን ወሰደች፣ ልጆቼን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ «እማዬ» የምትለዋን ቃል ልትወስድ ነው አልኩ። ያቺ ቃል የአንተ ብቻ ነበረች።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣልህ፤ ሌላ ሰው ሳይነግርህ ከእኔ ስማ። ፎቶውም መዞሩ አይቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ የአይዳ ሠርግ ነበር፣ ታች ሲቀላ ሰፈር። አንተ የላክልኝን ነጭ ቀሚስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበስኩ። ምን ያህል እንዳማረብኝ ልንገርህ? አባትህ እንኳ ቀና ብሎ አየኝ። ወደ ታክሲ ስንሄድ በትምህርት ቤቱ በኩል ነው መንገዳችን። ሩሐማ ልጆቹን ይዛ እንደወጣች አየሁ፣ ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። «አንዴ ልይ፣ መስኮት ተዘግቶ እንደሆነ» አልኩት ለአባትህ። መስኮቱ ምን አገባኝ!

ስገባ አንድ ረጅም አቡጄዲ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እርጥብ ነው። ወረድ ብሎ ብሩሾቹና አንድ ሳህን ውሃ የመሰለ ነገር። ጨርቁ ላይ ምንም የለም፤ ነጭ፣ ባዶ! ሳሚ፣ ስለት የደረሰልኝ ነው የመሰለኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ልጆቹን በውሃ አጫውታ ላከቻቸው አልኩ። ሰኞ ለርዕሰ መምህሩ አሳየዋለሁ፣ ለሳምሶንም ፎቶ እልክለታለሁ፣ ያገባት እንደሆነ እናያለን! ጨርቁን ከገመዱ ጎትቼ አወረድኩት፤ እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቅፌ ወጣሁ።

«ይኸው የአንተ ጎበዝ!» አልኩት አባትህን። «እይ፣ ባዶ!»

አየኝ፤ ጨርቁን አየ፤ እንደገና እኔን አየ። «ባዩሽ፣ ቀሚስሽን...»

«አንዲት ቃል እንዳትሟገትላት!»

«ኧረ እኔስ ቀሚስሽን ነው...»

«ኦይታ፣ ዝም በል ብያለሁ!»

 ጨርቁን በፌስታል ጠቅልዬ ለዘበኛው አደራ ሰጠሁ፣ ታክሲ ይዘን ወረድን። መንገዱን ሙሉ ወደ ውጭ እያየ ከንፈሩን ነከሰ። ግንዱን የቆረጠው፣ ውሃውንም ያጠራቀመው እሱ ነው ለካ!

አዳራሹ ውስጥ ከፊት፣ ከሙሽሪት አክስቶች ጋር ነው ያስቀመጡኝ። ሙቀቱ ለጉድ ነው። ጎኔ ያለችው ሴትዮ መጀመሪያ ደረቴን አየት አድርጋ ፊቷን መለሰች። ቆይታ እንደገና አየች። ቀሚሴን አድንቃ ነው ብዬ ነጠላዬን ገለጥ አደረግኩላት፣ በደንብ እንድታየው! መዝሙር ሲጀመር ብድግ ብዬ ማጨብጨብ ያዝኩ። መዝሙሩ እንዳበቃ፣ ጸጥ እንዳለ፣ ከሙሽሪት ፊት አበባ ከሚበትኑት ልጆች መካከል ያቺ የማውቃት ቀጭን ድምፅ፦

«አዞዬ! ቲቸር ባዩሽ ላይ አዞዬ አለ!»

ፌቨን ናት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ስምንት እግር ያለው አዞ ተጋድሟል፤ ቡናማ፣ ጥርት ያለ፣ ጥርሱ ሳይቀር። ጅራቱ የለም፣ ጅራቱ ጨርቁ ላይ ቀርቷል። ሆዴ ላይ የሌላው ተማሪዬ የአቡሽ ዶሮ። ክንዴ ላይ አምስት ትንንሽ ጣት።

የሙዝ ግንድ ውሃ ምን እንደሚያደርግ አታውቂም ወይ ትለኛለህ። እንዴት አላውቅም! ሲነካህ ውሃ ነው፣ ጥቂት ቆይቶ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ሳሙናም በረኪናም አያስለቅቀውም። የአባትህን የማሳ ልብስ ለብቻ ሰቅዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ስንት ዘመን «ተጠንቀቁ፣ ልብሳችሁን!» እያልን ልጅ ያሳደግንበትን ነገር፣ ሆን ብሎ ብሩሽ ነክሮ የሚያስተምር ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? በዚህ ከተማ ማንም አያስብም። እኔም አላሰብኩም።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፓስተሩ ራሱ መጽሐፉን ፊቱ ላይ አደረገ። አባትህማ ወንበር ሥር የወደቀ ነገር የሚፈልግ መስሎ አጎነበሰ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

አበባ በታኞቹን ልጆች ያመጣችው ሩሐማ ከኋላ ተነስታ ስትመጣ አየኋት። ልትስቅብኝ ነው ብዬ ጠበቅኳት። ብትስቅልኝ ምን ነበረበት! ለአንተ የምሰጥህ መልስ በሁለት መስመር ያልቅልኝ ነበር። አልሳቀችም። ነጠላዋን አውልቃ በእኔው ላይ ደረበችልኝና ክንዴን ይዛ በጎን በር አወጣችኝ።

ቧንቧው ጋ ደርሰን ማሸት ስጀምር «አይሹት ቲቸር፣ አይለቅም» አለችኝ።

«አይለቅም! ይኼን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ለመሆኑ ጤነኛ ሰው ልጆችን በዚህ ያስተምራል? ከየት ያመጣሽው ነው?»

«ከሳምሶን ነው።»

«ከየትኛው ሳምሶን?»

«ከእርስዎ ሳምሶን። ሰባት ዓመት ሲሆነው በሙዝ ግንድ ውሃ መጋረጃ ላይ ስሎ የለ? ሲስለው ምንም አይታይም ነበር አሉ። ጠዋት ሲነሳ ሥዕሉ ወጥቶ መስኮቱ ላይ ቆሞ አገኘው። በልጅነቴ የዚያን ጠዋት ያህል የተደሰትኩበት ቀን የለም ብሎኛል። እኔም ልጆቹ ያንን ጠዋት እንዲያዩት ፈልጌ ነው። ሰኞ ሲገቡ እንዲያገኙት፣ እርስዎ ቀድመው እንዲያዩት።»

ሳሚ፣ የዚያን ጠዋት እኔም አስታውሳለሁ። የእኔ ጠዋት ግን ሌላ ነው። ሽማግሌዎች ለጸሎት ሊመጡ ነው ብዬ የሰቀልኩት አዲስ ነጭ መጋረጃ ነበር። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩህም። «ማን ነው ይኼን ያበላሸው?» ብቻ ነው ያልኩት፤ አንተም እየሳቅክ «እኔ!» አልክ። እየሳቅክ ነበር፤ እሱን ረስቼው ነበር፣ አሁን መጣልኝ። ይኸው፣ ከሆድህ የሳቅክበትን ቀን አገኘሁት። ቀኝ እጅህን በማስመሪያ አሥር ጊዜ መታሁህ። ከዚያ አንድ ሙሉ ደብተር መስመር አሰመርኩህ። ከዚያ ወዲህ ከቀጥ ያለ መስመር በቀር ስትስል አይቼህ አላውቅም። እኔ ደግሞ ኮራሁብህ! የልጄ መስመር እዩልኝ እያልኩ ደብተርህን ለመምህራን ሁሉ አዞርኩ።

«ስለ ማስመሪያውስ ነግሮሻል?» አልኳት።

ዓይኗን ከእኔ አሽሽታ ቧንቧውን ዘጋች። ነግረሃታል።

«ለመሆኑ ሥዕሉ ምን እንደነበረ ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ዛፍ ነዋ። አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ያለው።»

«ዛፍ አይደለም። እርስዎ ነዎት፤ ማስመሪያ ይዘው ሰሌዳ ላይ ሲያስተምሩ።»

እንዲያ የቀናሁበት ሰዓት በሕይወቴ የለም። አዞው ምንም አይደለም፣ የአዳራሹ ሳቅም ምንም አይደለም። ልጄ ስለ እኔ የሳለውን፣ ከነቀምት የመጣች ልጅ ታውቀዋለች፣ እኔ አላውቀውም! ቧንቧው ሥር ቆሜ አለቀስኩ። እሷም አብራኝ አለቀሰች፤ ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም፣ አልጠየቅኳትምም። በዚያው በታክሲ ቤቴ አደረሰችኝ።

መጋረጃውን ጣልኩት ብዬህ ነበር። አልጣልኩትም። በበረኪና ሦስት ጊዜ ዘፍዝፌ እምቢ ሲለኝ፣ ገልብጬ የስፌት መኪናዬ ልብስ አደረግኩት። ሃያ ዓመት እዚያው ነው፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጎ። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባትህን ገበያ ልኬ፣ መኪናውን ገፍፌ፣ በረንዳው ላይ ዘረጋሁት። ቅርንጫፍ ያልኩት ክንድ ነው። ሥሩ የመሰለኝ ቀሚስ ነው። ጭንቅላቷ ላይ ሻሿ አለ፣ ያ ሰፊው ሻሼ። ሴትዮዋ ትስቃለች። እኔ ክፍል ውስጥ እስቅ ነበር እንዴ? እጇ ላይ ያለው ማስመሪያ ከእሷ ይረዝማል። የመታሁህ በዚያው ማስመሪያ ነው።

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት ስገባ ልጆቹ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ጨርቃቸውን ስለወሰድኩባቸው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ጋ አልሄድኩም፤ ጨርቁን ከዘበኛው ተቀብዬ በገዛ እጄ ገመዱ ላይ መለስኩት። አንድ ጅራት፣ ግማሽ ፀሐይና ብዙ ቦታ ላይ የተጨማለቀ ነገር ነው የቀረው። ፌቨን ቆማ አየችው፣ አየችውና «ቲቸር፣ ቀሚሱ ላይ ጅራቱን ልጨርሰው?» አለችኝ። ወደ ላጲሴ እጄ ሊሄድ ነበር፣ መለስኩት። ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዘናል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አዎ። አግባት።

ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ካልከኝ፣ ኧረ የት ሄዶ! ይኼን ስጽፍ እንኳ ነጠላዋን ልትወስድ መጥታ በረንዳ ላይ ከአባትህ ጋር ተቀምጣለች። የሃለኮ ቅጠል ለእራት እየቀነጠሱ ይሳሳቃሉ፣ እኔ ውስጤ እርር ይላል። ለእኔ አንድ ቅጠል ቀንጥሶልኝ አያውቅም! ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ያን ጠዋት ይዞ የሚቆይልህ ሰው ያስፈልግህ ነበር፣ እኔ አልያዝኩልህም፣ እሷ ይዛልሃለች። የያዘችውን ደግሞ ለራሷ አላስቀረችም፤ ለእኔ ልጆች ልትሰጥ ነው ያመጣችው።

እማዬ ትበለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን፣ በልጆቹ ፊት፣ ቲቸር ነኝ፤ ትርፉ ቁልፍም ከእኔ ጋ ይቆያል። በመስኮት ማየት ሰልችቶኛል፣ በበር እገባለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ለአንተ፦ ለእሷ የነገርካትን ሁሉ ለእኔም ንገረኝ። ሌላ ምን ስለሃል? ሌላ ምን ሳልጠይቅህ ቀረሁ? ስልክ ላይ ካፈርክ ጻፍልኝ።

የምታርፍበትን ጥላ ጌታ ያብዛልህ፤ ከከፍታው ያውርድህ በሰላም። እሷን ለአንተ፣ አንተን ለእሷ ያክርማችሁ። እጆችህን ይባርካቸው፣ ሁለቱንም፣ ቀኙን ግን ደግሞ ደጋግሞ ይባርከው። ስትመጣ መጀመሪያ እሱን ነው የምስመው።

እናትህ
ባዩሽ

ለሠርጋችሁ አዲስ ቀሚስ እንዳትልክልኝ። አዞ ያለበትን ነው የምለብሰው፤ እስከዚያ ጅራቱ ያልቃል።